ግብር የሚከፈልበትና ከግብር የተከለለ ሒሳብ፦ በካናዳ የሚኖር ቆጣቢ ምርጫውን በምን ይመዝን?



በየዓመቱ ከጃንዋሪ መባቻ አንሥቶ እስከ ማርች የመጀመሪያ ቀናት ድረስ በካናዳ ባንኮች መስኮት ላይ የሚለጠፈው ማስታወቂያና የባንኩ ሠራተኛ ለደንበኛው የሚሰጠው ምክር አንድ ዓይነት ነው። ይኸውም «የጊዜ ገደቡ ሳያልፍ በጡረታ ቁጠባ ሒሳብ ገንዘብ ያስገቡ፤ ከከፈሉት ግብር ከፊሉ ይመለስልዎታል» የሚል ነው። ምክሩ ሐሰት አይደለም። ችግሩ በዓመት 200,000 ዶላር ለሚያገኘው ሐኪምም፣ በአውሮፕላን ማረፊያ የመኪና ማቆሚያ ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ በዓመት 35,000 ዶላር ለሚያገኘው ዘበኛም በአንድ ቃል መሰጠቱ ነው። አንደኛውን የሚጠቅመው ይኸው ምክር ሁለተኛውን በእርጅናው ዘመን ሊጎዳው ይችላል። በቶሮንቶ፣ በካልጋሪና በኤድመንተን የሚኖሩ ወገኖች በግብር ወራት ወረቀታቸውን ይዘው ወደ ሒሳብ ባለሙያ ሲሄዱ ይህን ልዩነት የሚያስረዳቸው ማግኘት ይገባቸዋልና፣ ነገሩን ከሥሩ መመርመሩ ተገቢ ነው። በዚህ ንግግር የተጠቀሱት ወራትና ዓመታት በሙሉ በካናዳ እንደሚሠራባቸው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ዶላሩም የካናዳ ዶላር ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ የአነጋገር ስሕተት መታረም አለበት። አያሌ ሰዎች «አር.አር.ኤስ.ፒ. ገዛሁ» ወይም «የቲ.ኤፍ.ኤስ.ኤ. ወለድ ስንት ነው?» ሲሉ ይሰማሉ። ሒሳቡ ግን መያዣው እንጂ ዕቃው አይደለም። ጋኑ ሌላ፣ በጋኑ ውስጥ ያለው ጠላ ሌላ ነው። አንድ ዓይነት አክሲዮን፣ አንድ ዓይነት ቦንድ ወይም የጊዜ ገደብ ያለው ተቀማጭ ከሦስቱ ሒሳቦች በየትኛውም ሊቀመጥ ይችላል። የሚለያየው መንግሥት በየትኛው በር ላይ ቆሞ ግብሩን እንደሚቀበል ነው፤ በመግቢያው፣ በመካከል፣ ወይስ በመውጫው።

ተራው፣ ማለትም ግብር የሚከፈልበት ሒሳብ፣ ግብሩ አስቀድሞ የተከፈለበት ገንዘብ የሚገባበት ሲሆን፣ ገንዘቡ የሚያፈራው ፍሬም እንደ ዓይነቱ ይቀረጣል። ወለድ እንደ ደመወዝ ተቆጥሮ በየዓመቱ በሙሉ ግብር ይከፈልበታል። ከካናዳ ኩባንያዎች የሚገኘው የትርፍ ድርሻ ግን፣ ኩባንያው በበኩሉ ግብር የከፈለበት ስለ ሆነ፣ በ38 በመቶ ከፍ ተደርጎ በገቢነት ከተመዘገበ በኋላ በአንጻሩ የግብር ቅናሽ ይሰጥበታል። በዋጋ ዕድገት የሚገኘው ጥቅም ደግሞ ንብረቱ እስኪሸጥ ድረስ ግብር አይጠየቅበትም፤ ሲሸጥም ግማሹ ብቻ በገቢነት ይታሰባል። በካናዳ ከ1972 በፊት በዚህ ዓይነቱ ጥቅም ላይ ግብር አልነበረም። በ1962 የተቋቋመው በኬኔት ካርተር የሚመራው ኮሚሽን ያቀረበው ሐሳብ ለብዙ ክርክር ምክንያት ከሆነ በኋላ ነው ግማሹ እንዲታሰብ የተወሰነው። በኋላም በ1990 ሦስት አራተኛ ደርሶ ነበር፤ ከኦክቶበር 2000 ጀምሮ ወደ ግማሽ ተመልሷል። በ2024 መንግሥት አንድ ግለሰብ በዓመት ከ250,000 ዶላር በላይ በሚያገኘው የዋጋ ዕድገት ጥቅም ላይ መጣኔውን ወደ ሁለት ሦስተኛ ለማሳደግ አቅዶ፣ ዕቅዱ በማርች 2025 ተሰርዟል። ሕጉ ሳይወጣ ወሬውን ብቻ ሰምቶ ንብረቱን በጥድፊያ የሸጠ ሰው፣ ላልመጣ ሕግ ግብሩን ቀድሞ ከፈለ ማለት ነው።

ከተከለሉት ሒሳቦች በዕድሜ የሚበልጠው የጡረታ ቁጠባው ሒሳብ ነው። በ1957 የገንዘብ ሚኒስትሩ ወልተር ሐሪስ ባቀረቡት በጀት የተጀመረ ሲሆን፣ ዓላማው አሠሪ ጡረታ የማያስቀምጥላቸው ሰዎች፣ ለምሳሌ በግላቸው የሚሠሩ ሐኪሞች፣ ጠበቆችና ነጋዴዎች፣ የጡረታ ሠራተኛው የሚያገኘውን የግብር ማስተላለፊያ እንዲያገኙ ነበር። አንድ ሰው ካለፈው ዓመት የሥራ ገቢው 18 በመቶ፣ ከተወሰነው ጣሪያ ሳያልፍ፣ ሊያስገባ ይችላል፤ ጣሪያውም በ2025 32,490 ዶላር ነበር። ያስገባው ገንዘብ ከገቢው ይቀነስለታል፤ በሒሳቡ ውስጥ ሳለ ግብር የለበትም፤ ሲያወጣው ግን ዋናውም ትርፉም ሳይለይ እንደ ደመወዝ ይቀረጣል። 71 ዓመት በሞላበት ዓመት መጨረሻም ሒሳቡን ወደ ጡረታ መክፈያ ሒሳብ የማዛወር ወይም በሌላ መንገድ የመዝጋት ግዴታ አለበት። ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ ማውጣት ያለበት ዝቅተኛ መጠን በሕግ ተወስኗል።

ሁለተኛው ከግብር ነጻ የሆነው የቁጠባ ሒሳብ ነው። ይህም በጂም ፍላህርቲ የ2008 በጀት ታውጆ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2009 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። ሲገባ ተቀናሽ የለውም፤ ሲወጣ ግን ግብር የለበትም፤ በገቢነትም አይመዘገብም። ይህ የመጨረሻው ሐረግ ብዙ ጊዜ በቸልታ የሚታለፍ ቢሆንም፣ ወደ ፊት እንደሚታየው የነገሩ ቁልፍ እርሱ ነው።

እንግዲህ ሦስቱን በአንድ ሚዛን ላይ ማስቀመጥ ይቻላል። አንድ ሠራተኛ ግብር ያልተነካው 10,000 ዶላር አለው እንበል፤ የመጨረሻዋ ዶላር የምትቀረጥበት መጣኔም 30 በመቶ ይሁን፤ ገንዘቡም በ4 በመቶ ዕድገት በ18 ዓመት ውስጥ ዕጥፍ ይሆናል። በጡረታው ሒሳብ ቢያስገባው 10,000 ዶላሩ 20,000 ሆኖ፣ ሲወጣ 30 በመቶ ተከፍሎበት 14,000 ይቀራል። በነጻው ሒሳብ ቢያስገባው በቅድሚያ 3,000 ግብር ተከፍሎበት የተረፈው 7,000 ዕጥፍ ሆኖ ያው 14,000 ይሆናል። ሁለቱ እኩል ናቸው። በተራው ሒሳብ በወለድ መልክ ቢያድግ ግን ግብሩ በየዓመቱ ስለሚነሣ 7,000 ዶላሩ የሚደርሰው ወደ 11,500 ገደማ ነው፤ በአክሲዮን መልክ አድጎ በመጨረሻ አንድ ጊዜ ቢሸጥ ደግሞ 12,950 ይሆናል።

ከዚህ ስሌት የሚወጣው ቁም ነገር ብዙዎች ከሚያስቡት የተለየ ነው። በጡረታው ሒሳብ የሚገኘው «ተመላሽ» ስጦታ አይደለም። መንግሥት በሒሳቡ ውስጥ ባለድርሻ ሆኖ የገባበት ገንዘብ ነው፤ በኋላም ድርሻውን ከነትርፉ ይወስዳል። በመግቢያውና በመውጫው ያለው መጣኔ እኩል ከሆነ የጡረታው ሒሳብ ከነጻው በምንም አይበልጥም። የመውጫው መጣኔ ካነሰ የጡረታው ይሻላል፤ ከበለጠ ነጻው ይሻላል። በምሳሌው የተጠቀሰው ሠራተኛ በመውጫው 20 በመቶ ቢከፍል 16,000 ይቀረው ነበር፤ 50 በመቶ ቢከፍል ግን 10,000 ብቻ። ይህም ተመላሹን እንደ ቁጠባው አካል ለሚቆጥር ሰው ነው። 7,000 ዶላር በጡረታው ሒሳብ አስገብቶ የተመለሰለትን 2,100 ለቴሌቪዥን መግዣ ያዋለ ሰው በመጨረሻ የሚተርፈው 9,800 ዶላር ነው። ያንኑ 7,000 በነጻው ሒሳብ ቢያስቀምጠው ግን 14,000 ባገኘ ነበር።

«በመውጫው 50 በመቶ የሚከፍል ጡረተኛ ማን ነው? ሀብታም ብቻ አይደለምን?» የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። መልሱ ሰውን የሚያስደነግጥ ነው፤ በዚህ መጣኔ የሚቀረጠው ድኻው ጡረተኛ ነውና።

የካናዳ የእርጅና አበል በሥራ ላይ ሳይሆን በነዋሪነት የተመሠረተ ነው። ከ18 ዓመት ዕድሜ በኋላ ቢያንስ 10 ዓመት የኖረ ሰው በ65 ዓመቱ መቀበል ይጀምራል፤ ሙሉውን ለማግኘት ግን 40 ዓመት ያስፈልጋል። በ40 ዓመቱ ወደ ካናዳ የገባ ሰው 65 ሲሞላው የሚደርሰው ከአርባ እጅ ሃያ አምስቱ ብቻ ነው። ዘግይተው የመጡ፣ ዝቅተኛ ደመወዝ ያገኙና የአሠሪ ጡረታ የሌላቸው ሰዎች ጉድለታቸው የሚሞላላቸው የተረጋገጠ የገቢ ድጎማ በሚባለው ተጨማሪ ክፍያ ነው። ይህ ድጎማ የሚሰጠው ገቢ ተመዝኖ ስለ ሆነ፣ ብቻውን የሚኖር ጡረተኛ ከጡረታ ቁጠባው ሒሳብ አንድ ዶላር ባወጣ ቁጥር በሚቀጥለው የክፍያ ዘመን ከድጎማው 50 ሳንቲም ገደማ ይቀነስበታል። ለሥራ ገቢ እንኳ የመጀመሪያው 5,000 ዶላር በሙሉ፣ ከዚያ ቀጥሎ ያለው 10,000 ደግሞ በግማሽ ነጻ ሲደረግ፣ ሰውየው ራሱ ቆጥቦ ከጡረታው ሒሳብ ለሚያወጣው ገንዘብ እንዲህ ያለ ምሕረት የለም። በነጻው ሒሳብ ያለው ግን ሲወጣ በገቢነት ስለማይመዘገብ ድጎማውን ጨርሶ አይነካም።

በመግቢያው የተጠቀሰው የመኪና ማቆሚያ ዘበኛ በኦንታርዮ የሚኖር ነው እንበል። የፌዴራሉ ዝቅተኛ መጣኔ ከጁላይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ከ15 ወደ 14 በመቶ ዝቅ ብሏል፤ የኦንታርዮው 5.05 በመቶ ሲጨመርበት 19 በመቶ ገደማ ይሆናል። ልዩ ልዩ ቅናሾች ሳይታሰቡ 10,000 ዶላር በጡረታው ሒሳብ ቢያስገባ የሚድንለት ግብር ወደ 1,900 ዶላር ነው። ገንዘቡ 20,000 ሆኖ ከ65 ዓመቱ በኋላ ሲያወጣው ግን 10,000 ያህሉን ከድጎማው ያጣል፤ ግብር ካለበትም ያ በላዩ ይደመራል። ግብሩን አስቀድሞ ከፍሎ 8,100 በነጻው ሒሳብ ቢያስቀምጥ ኖሮ 16,200 ዶላር በእጁ በቀረ ነበር። ልዩነቱ 6,200 ዶላር፣ ለአንድ ሌሊት ዘበኛ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ይህ ሰው ያጠፋው ነገር የለም፤ ቆጥቧል፤ የተሰጠውን ምክር ተቀብሏል። ያልተነገረው ነገር ቢኖር በመውጫው በር ላይ የሚቆመው ግብር ሰብሳቢ ብቻ ሳይሆን ድጎማ መዛኙም መሆኑ ነው።

ገንዘቡን በጡረታው ሒሳብ ቀድሞ ላስገባ ሰውም መፍትሔ አይጠፋም። ሥራ በሚያቋርጥበት ወይም ገቢው በሚቀንስበት ዓመት በዝቅተኛ መጣኔ እየቀነሰ ማውጣትና ወደ ነጻው ሒሳብ ማዛወር ይችላል። ነገር ግን የ63ኛውና የ64ኛው ዓመት ገቢ ለመጀመሪያዎቹ የድጎማ ክፍያዎች መመዘኛ ሊሆን ስለሚችል፣ ይህ ሥራ ቀደም ብሎ ቢያልቅ ይመረጣል። ከጡረታው ሒሳብ የወጣ ገንዘብ የማስገቢያ መብቱ እንደማይመለስም መታወቅ አለበት።

ይሁን እንጂ ለዝቅተኛ ገቢ ሁሉ «የጡረታው ሒሳብ ክፉ ነው» ብሎ መደምደም ሌላ ስሕተት ይሆናል። የካናዳ የልጆች ድጎማ የሚሰላው በቤተሰቡ የተጣራ ገቢ ነው፤ በጡረታው ሒሳብ የገባ ገንዘብ ደግሞ ይህን ገቢ ይቀንሳል። ሁለት ትንንሽ ልጆች ያሉት ቤተሰብ በድጎማው የመጀመሪያ የቅነሳ እርከን ላይ ከሆነ ድጎማው የሚቀነሰው በ13.5 በመቶ ነው። ስለዚህ 10,000 ዶላር ማስገባቱ ከግብሩ ቅናሽ ሌላ 1,350 ዶላር ያህል የልጆች ድጎማ ይጨምርለታል፤ የመግቢያው መጣኔ 19 ሳይሆን 32.5 በመቶ ገደማ ሆነ ማለት ነው። ልጆቹ ካደጉ በኋላ፣ እርጅናውም ሳይመጣ፣ ገንዘቡ በዝቅተኛ መጣኔ ቢወጣ ትርፉ ግልጽ ነው። አሠሪው የሠራተኛውን መዋጮ ያህል የሚጨምር ከሆነም ይህን መተው ደመወዝን መተው ነው። ከፍተኛ ገቢ ላለው ሐኪም ወይም መሐንዲስ ደግሞ የባንኩ ምክር እንዳለ ትክክል ነው።

በነጻው ሒሳብ ረገድ አዲስ መጤዎችን ከሁሉ በላይ የሚያሳስተው የማስገቢያው ጣሪያ ነው። በጋዜጣና በባንክ ወረቀት የሚታተመው ድምር፣ ማለትም እስከ 2025 መጨረሻ 102,000 ዶላር፣ ከ2009 ጀምሮ ዕድሜው 18 ሞልቶት በካናዳ ለኖረ ሰው የሚሠራ ነው። በ2019 የገባ ሰው የሚቆጠርለት ከ2019 ወዲህ ያለው ብቻ ሲሆን፣ እስከ 2025 መጨረሻ 44,500 ዶላር ይሆናል። ከጣሪያው በላይ በሆነው ገንዘብ ላይ በወር 1 በመቶ ቅጣት አለ። ሌላው የተለመደ ስሕተት ከእቁብ ጋር የተያያዘ ነው። ጣሪያውን የሞላ ሰው በማርች ለወንድሙ ሠርግ 8,000 ዶላር ከነጻው ሒሳብ ያወጣና፣ በኦገስት እቁቡ ሲደርሰው መልሶ ያስገባዋል። ሕጉ ግን የወጣው መጠን የሚመለሰው በሚቀጥለው ጃንዋሪ 1 ቀን ነው ስለሚል፣ እስኪያወጣው ወይም ዓመቱ እስኪለወጥ ድረስ በየወሩ 80 ዶላር ይቀጣል። እቁቡ እስከ ጃንዋሪ በተራ ሒሳብ ቢቆይ ኖሮ ምንም ባልከፈለ ነበር።

የትኛው ንብረት በየትኛው ሒሳብ ይቀመጥ የሚለው ጥያቄ ብዙ ቀለም ያፈሰሰ ቢሆንም፣ የተከለለው ጣሪያ ላልሞላው አብዛኛው ቆጣቢ አንገብጋቢ አይደለም። ሲሞላ ግን ወለድ የሚያፈራው ቢከለል፣ የካናዳ ኩባንያ አክሲዮን በተራው ሒሳብ ቢቀመጥ ጉዳቱ ያነሰ ነው። የአሜሪካ ኩባንያ አክሲዮን በቀጥታ የያዘ ሰው ደግሞ፣ አሜሪካ ከትርፍ ድርሻው የምትቆርጠው 15 በመቶ በጡረታው ሒሳብ በሁለቱ አገሮች ውል መሠረት ሲቀር፣ በነጻው ሒሳብ ግን እንደማይቀር ማወቅ አለበት። የአሜሪካ ዜግነት ይዞ ወደ ካናዳ ለተሻገረ ሰው ነገሩ ይብሳል፤ የአሜሪካ ሕግ ነጻውን ሒሳብ በነጻነቱ አያውቀውም። ኪሳራም በተከለለ ሒሳብ ውስጥ ከደረሰ ከሌላ ትርፍ ጋር ሊቻቻል አይችልም፤ በነጻው ሒሳብ ደግሞ የማስገቢያ መብቱም አብሮ ይጠፋል። በነጻው ሒሳብ የወሬ አክሲዮን መቆመሪያ ማድረግ ስለዚህ ከሁለት ወገን የሚያስከፍል ነው።

ከሁለቱ ታላላቆች ሌላ፣ ከኤፕሪል 2023 ጀምሮ የመጀመሪያ ቤት መግዣ ሒሳብ አለ፤ በዓመት 8,000፣ በጠቅላላው 40,000 ዶላር ይገባበታል። ሲገባ ተቀናሽ፣ ለቤት ሲወጣ ነጻ ስለ ሆነ የሁለቱን መልካም ጎን አጣምሯል፤ ቤት ሊገዛ ላሰበ ሰው ከዚህ የሚቀድም የለም። የልጆች ትምህርት ሒሳብም በዓመት በመጀመሪያው 2,500 ዶላር ላይ 20 በመቶ፣ ለአንድ ልጅ በጠቅላላው እስከ 7,200 ዶላር የመንግሥት ድጎማ ያስገኛል።

ከአገር ቤት ንብረት ጋር የተያያዘው ጉዳይ ግን እንዲህ በአጭሩ የሚታለፍ አይደለም። በአዲስ አበባ የሚከራይ ቤት ወይም የባንክ አክሲዮን ያለው የካናዳ ነዋሪ፣ ይህ ንብረቱ በሕግ ዐይን በተራው ወገን ነው። ከውጭ አገር ያለው ንብረት የመግዣ ዋጋ በድምሩ ከ100,000 ዶላር ካለፈ ቲ 1135 በተባለው ቅጽ በየዓመቱ መግለጽ ግዴታው ነው፤ ገቢ ባያስገኝለትም እንኳ። ለራሱ መኖሪያ ወይም ለዕረፍት ብቻ የሚገለገልበት ቤት በዚህ አይቆጠርም። ቅጹን ያዘገየ በቀን 25 ዶላር፣ እስከ 2,500 ዶላር ይቀጣል። በሌላ በኩል ሕጉ ለመጤው የሚጠቅም ድንጋጌ አለው፤ አንድ ሰው የካናዳ ነዋሪ በሆነበት ቀን ንብረቱን በዚያ ቀን የገበያ ዋጋ እንደ ገዛው ይቆጠርለታል። ስለዚህ ከመምጣቱ በፊት የነበረው የዋጋ ዕድገት በካናዳ አይቀረጥም። ይህን ዋጋ የሚያስረዳ የግምት ወረቀት በመጣበት ዓመት ማስያዝ፣ ከሃያ ዓመት በኋላ ማስረጃ ከመፈለግ እጅግ የቀለለ ነው።

በመጨረሻም ጡረታውን በአገሩ ለመኖር ያሰበ ሰው ስሌቱ ከዚህ ሁሉ ይለያል። ከ18 ዓመት ዕድሜው በኋላ 20 ዓመት በካናዳ ያልኖረ ሰው የእርጅናውን አበል በውጭ አገር ሆኖ ሊቀበል አይችልም፤ የገቢ ድጎማውም ከካናዳ ከወጣ ከ6 ወር በኋላ ይቋረጣል። ድጎማው ከሌለ ደግሞ የ50 ሳንቲሙ ቅነሳ አብሮ ይቀራል። ነዋሪነቱን ያቋረጠ ሰው ከጡረታው ሒሳብ በአንድ ጊዜ ለሚያወጣው ገንዘብ፣ በውል ካልተቀነሰ በቀር፣ 25 በመቶ ተቆርጦበት ነገሩ ያልቃል። በተራው ሒሳብ ያለውን አክሲዮን ግን በሚወጣበት ቀን እንደ ሸጠው ተቆጥሮ በዋጋ ዕድገቱ ላይ ግብር ይጠየቃል። ነጻውን ሒሳብ እንደያዘ መሄድ ይችላል፤ ካናዳ አትቀርጠውም። ሆኖም ከወጣ በኋላ ገንዘብ ቢያስገባበት በወር 1 በመቶ ቅጣት ስለሚደርስበት፣ በየወሩ ከባንክ ደብተሩ በራሱ ጊዜ የሚተላለፍ መዋጮ ካለው ከመሳፈሩ በፊት ሊያስቆመው ይገባል።